የሜዳችን ቦርድ ወድቋል፣ እጃችሁን ዘርጉልን

የሰፈራችን ልጆች፣ ጎንደር ያላችሁም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶም፣ እንደምን ከረማችሁ?

እንደገና እኛ ነን፣ ኮሚቴው። የእኛን መልእክት ስታዩ ኪሳችሁን እንደምትይዙ እናውቃለን። ምን እናድርግ? የቅርጫት ኳስ ሜዳችን ቦርድ ባለፈው ሳምንት በዝናቡና በነፋሱ ሌሊት ከምሰሶው ተገንጥሎ ወድቋል። ሌሊት መሆኑ በጀን። ቀን ቢሆን ኖሮ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ደብተራቸውን የሚጥሉት እዚያው ቦርዱ ሥር ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ ብር እንፈልጋለን። የሚገባው በቴሌግራም ግሩፓችን አናት ላይ ፒን በተደረገው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ሦስት ፈራሚ አለው። ሌላ ቁጥር የላከላችሁ ሰው ካለ እኛ አይደለንም።

አሁን ወደ ወሬው። «ያ ረጅሙ ልጅ ነው የሰበረው» እየተባለ ነው አሉ። አልሰበረም! እውነት ነው፣ ቦርዱ ከመውደቁ በፊት በነበረው ቅዳሜ ልጁ ዳንክ አድርጓል፣ ማለትም ዘሎ ኳሷን በእጁ ከላይ ወደ ታች ከትቷል። ሰፈሩ ሁሉ ጩኸቱን ሰምቷል፣ አንዳንዶቻችሁማ ለቅሶ መስሏችሁ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ ወጥታችኋል። ግን ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ሪንጉ፣ ኳሱ የሚገባበት የብረት ቀለበት፣ ያለው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ ነው፣ ከቤታችሁ በር አናት ላይ ሌላ አንድ ሜትር ገደማ ጨምሩበት። ኳሱ ወርዱ 24 ሳንቲም ያህል ነው። ያንን ከላይ ወደ ታች ለመክተት ጣት ሪንጉን መንካቱ አይበቃም፣ እጅ ከሪንጉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ልጁ ገና ሰባተኛ ክፍል እያለ «ዳንክ አደርጋለሁ» ሲል ሁላችንም ስቀንበታል። መጀመሪያ መረቡን ነካ። ቆይቶ የቦርዱን ታችኛ ጠርዝ፣ እሱ 2 ሜትር ከ90 ላይ ነው። ከዚያ ሪንጉን በጣቱ ጫፍ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያስቸገረው፣ ምክንያቱም ባዶ እጅ መዝለልና ኳስ ይዞ መዝለል በጭራሽ አይገናኙም። ጓደኞቹ መጀመሪያ በመረብ ኳስ ሞክር አሉት፣ አነስ ስለምትል በአንድ እጅ ትያዛለች። በሷ ተሳካ። በትልቋ ግን ኳሷ የሪንጉን ፊት ትመታና ቁልቁለቱን ይዛ እስከ አስፋልቱ ትሄዳለች፣ አንዱ ጓደኛው ሥራው እሷን አሳዶ ማምጣት ብቻ ነበር (እሱም ምስጋና ይገባዋል)። ሌላው እርምጃውን ይቆጥርለታል፣ ሌላው በስልክ ይቀርጻል። ያን ቅዳሜ መንደርደሪያውን ትንሽ ወደ ኋላ አርቀውለት ሄደ፣ ገባች። ልጆቹ እላዩ ላይ ተከመሩበት።

ቪዲዮው አለ፣ ግሩፑ ላይ እዩት። ልጁ ሪንጉ ላይ አልተንጠለጠለም። ለመያዝም ጊዜ አልነበረውም፣ ወዲያው በቂጡ ነው የተቀመጠው። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም። በያጅ አምጥተን ስናስፈትሽ የምሰሶው ቱቦ አናቱ ክፍት ኖሮ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ሲጠራቀምበት ኖሯል። ብየዳው ከውስጥ በዝገት አልቋል። ከውጭ ቀለም ስለተቀባ ደህና ይመስላል። ይኸው ነው።

እናቱ ግን ወሬውን ሰምተው ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ብር ይዘው «ልጄ ያጠፋውን ልክፈል» ብለው መጡ። አልተቀበልንም። እባካችሁ ይህ ወሬ ይቁም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ያን ሁሉ ብር ምን አደረጋችሁት?» የሚለው ነው። መሬት ላይ ነው ያለው፣ ሄዳችሁ እዩት። ቦታው ቁልቁለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ድጋፍ ግንብ ተገንብቶ፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ወጥቶ፣ ከዚያ ነው ኮንክሪት የፈሰሰበት። ሙሉ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፣ እኛ ግማሹን ነው ያገኘነው። «መጀመሪያ ደህና ምሰሶ አትገዙም ነበር?» ትላላችሁ። የዘለለ ልጅ መውረዱ አይቀርም እኮ! ጠጠርና ጭቃ ላይ ቢወርድ ቁርጭምጭሚቱን ማን ይችልለታል? ምሰሶው በነጻ የተገኘ ብረት ነበር፣ የሰጡንን ሰው እግዜር ይስጣቸው፣ እስከቻለ ድረስ አገልግሏል። ደረሰኞቹ በሙሉ እድሩ ቤት ናቸው፣ ሽማግሌዎቹም አይተዋቸዋል። የፈለገ ይምጣና ይቁጠር።

«ለምን እግር ኳስ አይሆንም?» የምትሉም አላችሁ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫ ሲያነሳ እኛም ጨፍረናል። ግን ባለችን ቦታ እግር ኳስ ማለት ሲያሳድዱ መዋል ነው። በዚች ግማሽ ሜዳ ግን ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ይጫወታሉ፣ ከሰዓት ወንዶቹ፣ የሌላ ሰፈር ልጆችም ይመጣሉ። ልጆቻችን መሄጃ አጥተው ቤት የተቀመጡበትን ጊዜ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሁን የምንፈልገው ወፍራም ምሰሶ አናቱ የተከደነ፣ 1 ሜትር ከ80 በ1 ሜትር ከ5 የሆነ ቦርድ፣ እና ሞላ ያለው ሪንግ ነው። ሞላው ቅንጦት አይደለም። በፈረንጆቹ 1979 ዳሪል ዳውኪንስ የሚባል የፊላደልፊያ ተጫዋች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ሁለት የመስታወት ቦርድ በዳንክ አድቅቋል። አሜሪካኖቹ ቅጣት አወጡ፣ ግን ብረቱንም ቀየሩ፣ በ1981 ኤንቢኤ፣ ትልቁ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ሲጫኑት አጎንብሶ የሚመለሰውን ሪንግ ተቀበለ። የልጃችን ጓደኞችም አሁን ዳንክ ካላደረግን ብለው ተነስተዋል፣ ስለዚህ እኛም ከወዲሁ እናስብበት።

ከሚያስፈልገው ግማሹ እንኳ አልሞላም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም» የሚለውን ስንት ጊዜ ጠቅሰናል፣ እናንተንም ሰልችቷችኋል፣ እኛንም። አርባ አራቱ ታቦት ባሉበት ከተማ ስለ ምጽዋት ማስተማር የእኛ ሥራ አይደለም፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ሰደቃን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ብቻ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራው አይወቅ የሚባለው ለሰጪ ነው። ኮሚቴ ደረሰኝ ይቆርጣል። መቶ ብርም ብር ነው። ብር የሌለው ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የአንድ ቀን ጉልበት ይስጥ።

እንደገና፣ ሂሳቡ ግሩፑ ላይ ፒን የተደረገው ነው። ስታስገቡ ምክንያት በሚለው ቦታ «ሜዳ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከእድሩ መዋጮ ጋር እየተቀላቀለ ገንዘብ ያዣችን ተቸግሯል። የላካችሁበትን ስክሪንሾት ለሱ ብቻ ላኩ። በእጅ የምትሰጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ቤት እንገኛለን፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥላችሁ ለማንም እንዳትሰጡ፣ ለእኛም ቢሆን።