የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው ሰዓቱ የሚቆመው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ እጩ መኮንኖች የወታደራዊ ክህሎት ውድድር ያወጣችሁትን አነበብኩ። አንድ ጎረምሳ ጠመንጃ ደግኖ የሚታይበት ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ ማን አንደኛ ማን ሁለተኛ እንደወጣ የሚናገር ጥቂት መስመር። ነገሩ ስፖርት ገጽ ላይ መውጣቱ ቅር አላሰኘኝም። ቅር ያሰኘኝ እነዚያ ልጆች በምን እንደተመዘኑ ሳትነግሩን ማለፋችሁ ነው።

በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው የሳንድኸርስት ውድድር ነው። ስሙ የእንግሊዝ ይሁን እንጂ የሚካሄደው አሜሪካ፣ ሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የእንግሊዙ ሳንድኸርስት አካዳሚ ለዌስት ፖይንት የመኮንን ጎራዴ አበረከተ፤ ውድድሩም ከዚያ ተነሳ። በኋላ የውጭ ቡድኖች ሲጋበዙ ጎራዴውን የሰጡት እንግሊዞች ራሳቸው መጥተው ደጋግመው ያሸነፉበት ዘመን ነበር። (እንግሊዝ ሳይሰጥም ሲወስድ መቅደላ ላይ አይተነዋል፤ ይኼኛው እንኳ በላብ ነው።) ተወዳዳሪዎቹ ለብዙ ዘመን በየቡድኑ ዘጠኝ ሆነው ይሰለፉ ነበር፣ ከመካከላቸው ሴት መኖርም ግድ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ካርታና ኮምፓስ ይዘው ከጣቢያ ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ወንዝ በገመድ ይሻገራሉ፣ ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ ቁስለኛ በቃሬዛ ያነሳሉ፣ በሬዲዮ ይገናኛሉ። እናንተ በፎቶ ያወጣችሁት ተኩስ ከብዙዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ብቻ ነው። ቡድኑም የሚሄደው አብሮ ነው። ፈጣኑ ብቻውን ቢበር ለቡድኑ አይረባም።

ይህን ከወረቀት ላይ ብቻ አይደለም የማውቀው። በስድሳዎቹ ሐረር ጦር አካዳሚ እጩ መኮንን ሳለሁ በሌሊት ጉዞ ቡድን ከቡድን እንወዳደር ነበር። ከእኛ ጋር አንድ የደምቢያ ልጅ ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ የተሸከመው ሬዲዮ ከእሱ የሚያይል። እግሩ እንዳይላጥ ካልሲውን በደረቅ ሳሙና ያሽ ነበር፣ እኛም ስቀንበት ኋላ ሁላችንም ተማርነው። አንድ ሌሊት ሁለቱ ጉልበተኞቻችን ቀድመውን ገብተው ኮዳቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ዳኛው መቶ አለቃ ሰዓቱን ዞር ብሎም አላየ። «የቀሩት የታሉ?» ብቻ አላቸው። ተነሥተው ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ዳገቱ ላይ አገኙን፣ ሬዲዮውን ተቀባበሉት። ጠመንጃውን ግን ማንም አልተቀበለውም፤ ወታደር ጠመንጃውን አያስይዝም። ሰዓቱ የተጻፈው የደምቢያው ልጅ መስመሩን ሲረግጥ ነው። የዚያን ሌሊት አላሸነፍንም፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ዳግመኛ ከፊታችን ሲሮጡ አላየኋቸውም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ በብሪታኒያ፣ የዌልስ ተራሮች ላይ የሚደረገው የካምብሪያን ቅኝት (ፓትሮል) ነው። እጩ መኮንኖች ብቻ ሳይሆኑ መደበኛ ወታደሮችም ይገቡበታል። ስምንት ሆነው፣ ትጥቃቸው መነሻው ላይ አንድ በአንድ ተፈትሾ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጓዛሉ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ በሐሙሲት አልፎ ወረታ መግባት በሉት፤ ያውም ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ በረግረግና በዝናብ፣ ሸክም ተሸክሞ። እዚያ አንደኛ የሚባል የለም። ያገኙት ነጥብ ከተቀመጠው ልክ ከደረሰ ወርቅ፣ ዝቅ ካለ ብር ወይም ነሐስ፣ ከዚያም ካነሰ የምስክር ወረቀት ነው። በአንድ ዓመት ብዙ ቡድን ወርቅ ሊወስድ ይችላል፣ ማንም ሳይወስድ የሚቀርበትንም ዓመት ደንቡ አይከለክልም። የሌላው ቡድን መድከም ለአንተ አይጠቅምህም፤ ስለዚህ ጎረቤትህ እንዲሰናከል የምትመኝበት ምክንያት የለህም።

የእኛም ማሠልጠኛዎች እርስ በርስ ሲያወዳድሩ ዋንጫውን ትተው ይህን ልክ ቢይዙ እላለሁ። ቦታ ካስፈለገ ጣና አለ። ጀልባ አስቀዝፎ ዘጌ ድረስ፣ ከዚያ በቡናው ጫካ ውስጥ በካርታ መንገድ አስፈልጎ መመለስ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ራሱ ዳኛ ነው፤ በጠዋት ያልተነሣ አዛዥ ማዕበሉ ውስጥ ይገባል። ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ይህን ያለ ኮርስ ያውቁታል።

የጎረቤቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ ስለ ጦር ጨዋታ ይወራል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመለስኩለት በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ነው። በ1927 የስዊድን መኮንኖች ማስተማር የጀመሯቸው እጩ መኮንኖች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በ1928 ጣርማ በር ላይ የጣሊያንን ጦር እንዲያግዱ ተላኩ። ድካምን፣ መንገድ መሳትንና የቆሰለ ጓድ ማንሣትን ለመለማመድ በቂ ጊዜ ማንም አልሰጣቸውም። ልምምድ ላይ ደካማ ጓዱን ጥሎ መሮጥ የለመደ መኮንን እውነተኛው ቀን ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ አይቻለሁም። ልጁ ያሳመንኩት አልመሰለኝም፤ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

የሳንድኸርስቱ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ስትጽፉ ከየቡድኑ ስንት ሰው ተነሥቶ ስንት እንደገባ፣ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሬዲዮውን ማን እንደተሸከመ ጠይቃችሁ ጻፉልን። ቦታ ከጠበባችሁ ፎቶውን አሳንሱት።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረተኛ ሻምበል፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር