ሲመሽ የምትፈካዋ አበባ

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል «ማታ ማታ ስልክ የማታነሺው የት ሆነሽ ነው?» ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር። ጓሮ ሆኜ ነው እማዬ። ስልኩን ቤት ውስጥ ትቼው እወጣለሁ።

እናንተ ጋ ክረምቱ ሲገባ እዚህ ሙቀቱ ይገባል። በዚህ በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ከሥራ ገብቼ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ገና ብዙ ብርሃን አለ። መጀመሪያ በመጣሁ ሰሞን ይሄ አልመሽ የሚል ማታ ያስጨንቀኝ ነበር። መጋረጃውን ዘግቼ እተኛ ነበር። አሁን አንዷንም ደቂቃ አላባክናት።

ጽጌረዳዎቹን አጥሩ ሥር ነው የተከልኳቸው። አምና ማታ ማታ ከላይ እስከ ታች በውሃ አጥባቸው ነበር፤ ያሳመርኳቸው መስሎኝ። ቅጠላቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣና ረገፈ። አልቅሻለሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፣ አንድ አሮጊት። ቅጠል እርጥብ ሆኖ ካደረ በሽታ ይይዘዋል፣ ውሃ የሚፈልገው ሥሩ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ግንዳቸው ሥር ቀስ አድርጌ አጠጣቸዋለሁ። የጠወለገውን አበባ መቁረጥም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ መቀሱን ስይዝ እጄ እምቢ አለኝ። ካልተቆረጠ ግን ተክሉ ጉልበቱን ዘር በማፍራት ይጨርሰዋል። ሲቆረጥ ሌላ እንቡጥ ያወጣል። ይኸው አሁን ሁለተኛ ዙር ይዘዋል።

የሱፍ አበባዎቹን ብታያቸው! ለጋ እያሉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን ይከተላሉ። ካደጉ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይቀራሉ። የማለዳ ፀሐይ ስለሚያሞቃቸው ንቦቹ እነሱ ጋ ይበዛሉ።

የእኔ ልብ ግን ያለው ዳሊያው ላይ ነው። ዳሊያ የሜክሲኮ ደጋ አበባ ነው፤ የዚህን አገር ውርጭ አይችልም። መሬት ውስጥ ከተተወ ሥሩ በስብሶ ይቀራል። ስለዚህ ብርዱ ሲመጣ ድንች የሚመስለውን ሥሩን ቆፍሬ አወጣለሁ፣ አፈሩን አራግፋለሁ፣ ደረቅ አሸዋ በሞላው ካርቶን ውስጥ አስተኛዋለሁ። ብርዱ እስኪያልፍ ከእኔ ጋር ቤት ውስጥ ነው። አንዳንድ ሌሊት ተነስቼ ካርቶኑን ከፍቼ በእጄ እዳብሰዋለሁ። ደህና ነው? አልደረቀም? ከሩቅ የመጣ ነገር እንዴት እንደሚበርደው አውቃለሁ እማዬ። አሁን ወገቤ ድረስ አድጓል፤ አበባዎቹ ቀይ፣ ትልልቅ ናቸው።

ሌላዋ ደግሞ ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ የሚሏት ቢጫ አበባ ናት። ስልኬን የማላነሳው በእሷ ምክንያት ነው። ቀን ላይ ብታያት ዞር ብለሽም አታይያት፣ ጭምት ናት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን በርጩማዬን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እንቡጧ እንደ ጃንጥላ ተጠቅልሎ ይቆያል። ከዚያ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፤ ነፋስ ሳይኖር። አንዱ ጎን ላላ ይላል። አራቱ የአበባ ቅጠሎቿ ዓይኔ እያየ ይተረተራሉ፣ ደቂቃም አይሞላም። ያን ጊዜ ሽታዋ ይመጣል። እየጨለመ ሲሄድ የእሳት ራት መጥታ፣ አየር ላይ ቆማ፣ ረጅም ምላሷን ሰድዳ ትጠጣታለች። ነገ እኩለ ቀን ላይ አበባዋ ጠውልጋ አገኛታለሁ። ማታ ግን ሌላ እንቡጥ ተራውን ይጠብቃል።

እዚህ አገር ሁሉም ነገር ሩጫ ነው። እኔም ስሮጥ ነው የኖርኩት፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እዚያ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ግን የምቸኩልበት አጣለሁ። አንቺን ደህና አድርጌ የማስታውሰውም ያን ጊዜ ነው። ጎኔ ሌላ በርጩማ አስቀምጫለሁ። የአንቺ ነው።

ቅዳሜ ማታ ስልኩን ይዤው እወጣና በቪዲዮ እደውልልሻለሁ። ብዙ አላወራም። እንቡጧ ላይ አድርጌው ዝም እላለሁ፣ አንቺም ዝም ብለሽ እይ። ስትንቀጠቀጥ ግን ንገሪኝ፣ ከእኔ ቀድመሽ ታይያት እንደሆነ።

የምትወድሽ ልጅሽ