ስለ ዘንዶው ጉዳይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማማ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? እኔ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምሠራው እዚያው ዋሽንግተን፣ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው። የሌሊት ተራ ስለሆንሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪናው ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ እጽፋለሁ።

በእንግሊዝኛ ጽፌ በአክስቴ ልጅ እጅ የላክኋቸው ሁለት ልብ ወለዶች እንደደረሱዎት ሰማሁ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ዘንዶ አይተው «ልጄ ጥንቆላ ጀመረ ወይ?» ማለትዎንም እማማ እየሳቀች ነገረችኝ። እርስዎ እንዳልሳቁ ግን ገብቶኛል። በስልክ ከምንነታረክ በጽሑፍ ላስረዳዎት ብዬ ነው።

አባባ፣ ዘንዶው የእርስዎ ነው። ማታ ማታ እሳት ዳር የነገሩን አርዌ ነው፦ አክሱምን የገዛው፣ ከብትና ልጃገረድ የሚገበርለት፣ በመጨረሻም አንጋቦ በመርዘኛ ፍየል የገደለው። እኔ የጨመርሁት «አንጋቦ ባይመጣስ ኖሮ?» የሚለውን ብቻ ነው። ዘንዶው ሳይሞት ቢቀር፣ ሕዝቡም ግብሩን ለምዶት ቢያድር፣ ግብር ሰብሳቢዎቹ ከዘንዶው ብሰው ቢገኙ ምን ይሆናል? ከዚያች ጥያቄ ሦስት ቅጽ የሚሆን ታሪክ ወጣ። ቅዱሳንን አላስገባሁም፤ ታቦትም የለበትም፤ እሱ መጫወቻ አይደለም። ጥንቆላ የመሰለዎት ነገር ሁሉ በጨው የሚሆን ነው፤ በዚያ አገር አሞሌ ያለው ሰው ዝናብ ያዛል፣ አሞሌው ያለቀበት ደግሞ የገዛ ጥላውን ያስይዛል። ደግሞስ አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸው ዘንዶ አልነበረም? በዚህ እንኳ ይረቱልኛል ብዬ አስባለሁ።

የሽፋኑ ነገር ብዙ አድክሞኛል። ሠዓሊው ፈረንጅ ነው፤ መጀመሪያ የላከልኝ ዘንዶ ክንፍ አለው፣ ከአፉም እሳት ይተፋል። «የእኛ አይበርም፣ አይነድም፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ተነሥቶ ደግሞ ይበላል፤ ክፋቱም ይኸው ነው» ብዬ ጻፍሁለት። ሁለተኛው ሥዕል አምባውን እንደ መቀነት ዞሮት የተኛ ነበር፤ እርስዎ ያዩት እሱ ነው። ለማረሚያ የሚላከው ቅጂ ሲመጣ ሽፋኑን አቋርጦ «አይሸጥም» የሚል ግራጫ መስመር ታትሞበታል። መስመሩ በትክክል በዘንዶው ዓይን ላይ አልፏል፤ ዓይኑን የታሰረ ይመስል ነበር። ያን ቅጂ አልጥለውም።

ሰፈሩ «ደራሲ ሆነ» ሲባል «ሀብታም ሆነ» ብሎ ተረጎመው አሉ። እዚህ ራሱ ያሳተመ ደራሲ «አሳታሚ ያልፈለገው ነው» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ አሁን አሁን ንቀቱ ቀንሷል። እኛ ሀገር ደራሲው ተበድሮ ለማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ እሽጉንም ራሱ በየመደብሩ ሲያዞር ስላየሁ እኔን አላሳፈረኝም። አሳታሚ ባገኝ እንኳ ከውል እስከ ኅትመት ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ በሽፋኑም ላይ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ባለ ክንፉን ዘንዶ ያን ጊዜ ማን ያስነሣልኛል?

ደግነቱ እዚህ ሺህ ቅጂ አሳትሞ አልጋ ሥር መከመር የለም። ፋይሉን አማዞን በሚባለው የኢንተርኔት መደብር ላይ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ሰው ሲያዝዝ አንድ ቅጂ ይታተማል። 320 ገጹን መጽሐፍ በ14.99 ዶላር ብሸጠው የአማዞን ድርሻና የኅትመቱ ተቀንሶ ለእኔ 4 ዶላር ገደማ ይተርፈኛል። በኪንድል፣ ማለትም በአማዞን የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ፣ የሚነበበው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ዋጋ ከተቆረጠለት 70 በመቶው የደራሲው ነው፤ ከዚያ ወጣ ካለ 35 በመቶ ብቻ። በወርኃዊ ክፍያ ለሚያነቡት ደግሞ በተነበበ ገጽ ይታሰባል፤ ለአንድ ገጽ ግማሽ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ገንዘቡም የሚገባው ወሩ ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ወጪው ግን አስቀድሞ ነው፦ አርታኢዋ በቃል ቆጥራ ታስከፍላለች፣ ሠዓሊው አለ፣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር አለ። መለያው አንዱ 125 ዶላር፣ አሥሩ 295 ዶላር ስለሆነ አሥሩን ገዛሁ፤ የኪንድሉ ባይፈልግም የወረቀቱ ለየቅጹ የራሱ ቁጥር ይፈልጋል፣ ቅጹም ሦስት ነው። እስካሁን የጣሪያውን ቆርቆሮ የገዛው የመኪና ማቆሚያው ነው፣ ዘንዶው አይደለም። ለሰፈሩ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ።

የተከታታይ መጽሐፍ ገበያ የሚደራው ሲያልቅ ነው። ብዙ አንባቢ መንገድ ላይ ተትቶ ስለሚያውቅ የመጨረሻው ሳይወጣ አንደኛውን አይገዛም። ስለዚህ ሦስተኛውን መጨረስ አለብኝ። ከዚያ በኋላ አማርኛውን እዚያው አዲስ አበባ ለማሳተም አስቤያለሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ አይምሰልዎት፤ በ1900 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እንኳ የታተመው ሮም ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ቴነሲ የሚኖር በቅሎ የሚያረባ አንባቢ ጻፈልኝ፦ «ዘንዶውን አምኜልሃለሁ፤ በቅሎዋ ግን ያን ሁሉ ጨው ተሸክማ ያን አቀበት በአንድ ቀን አትወጣም።» የእኛን በቅሎ አያውቅም ብዬ ለመመለስ ተነሣሁና ምስክሬ እርስዎ መሆንዎ ትዝ አለኝ። አያቴ ሲራራ ነጋዴ አልነበሩም? የነገሩዎትን ሁሉ ይንገሩኝ። መጫኛው በሆዷ በኩል ስንት ጊዜ ይዞራል? ጭነቱ ሲያጋድል መንገድ ላይ ያራግፉ ነበር ወይስ በድንጋይ ያመዛዝኑ ነበር? ጀርባዋ ሲገጠብ በምን ያክሟት ነበር? ሌሊት ጅብ ሲመጣ ማን ነው የሚነቃው? ታናሽ እህቴ በስልኳ ድምፅዎን ትቅዳልኝ። አጠር አድርገው አይንገሩኝ፤ የተጣሉበትንም፣ የተዘረፉበትንም፣ ቀረጥ የሸሹበትንም እፈልጋለሁ።

ለእማማ መድኃኒት የሚሆን በባንክ ልኬያለሁ፤ እህቴ ታውጣው። ሦስተኛው ቅጽ የሚወጣው በአያቴ ስም ነው፤ ስለዚህ ስማቸውን ከነአባታቸው አስተካክለው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ