የታሪክ ክበባችን ዓመት፦ ከአቡነ ሰላማ ጋር

እውነቱን ልናገርና ዘንድሮ ታሪክ ክበብን ወዶ የመረጠው ሰባት ተማሪ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሚኒ ሚዲያ ሞልቶባቸው የመጡ ናቸው። ግን ዓመቱን 22 ሆነን ጨርሰናል፣ "እናንተ ደግሞ ምን ትሠራላችሁ" እያላችሁ ስታፍ ሩም ለምትቀልዱብን መልሱ ይኸው።

ዘንድሮ የያዝነው አቡነ ሰላማ መተርጉምን (ተርጓሚውን) ነው። የ4ኛው ክፍለ ዘመኑ የመጀመሪያ ጳጳሳችን ሰላማ ከሳቴ ብርሃን አይደሉም፣ ይሄን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ! እኚህ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊ ጳጳስ ናቸው፣ በአፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን መጥተው እ.ኤ.አ. ከ1348 እስከ 1388 አርባ ዓመት በመንበሩ የቆዩ። ልጆቹ "ለምን ግብፃዊ?" ብለው ያዙኝ፣ እስከ 1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሱ ከእስክንድርያ ነበር የሚላክልን ስላቸው ግማሾቹ አላመኑኝም።

ስብሰባውን አልዘረዝርም፣ ሐሙስ ሐሙስ ነበር፣ ሁለቴ በፈተና ተዘለለ፣ ፕሮጀክተር ስንጠይቅ ዓመቱ አለቀ።

መጋቢት ላይ ግን ሰፈራችን ያለው ቤተክርስቲያን ግቢ ሄድን፣ በእግር፣ የባስ ሂሳብ ስላልተፈቀደ። መሪጌታ ግብረ ሕማማቱን (በሰሙነ ሕማማት የሚነበበውን መጽሐፍ) ከማኅደሩ አውጥተው ዛፍ ሥር ዘረጉልን፣ ከአረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት አቡነ ሰላማ ናቸው የሚባለው ማለት ነው። የብራናው ጠርዝ የጧፍ ሰም ነጠብጥቦበታል። አንድ መስመር ሲያነቡ ከኋላ የቆመች መድረሳ የተማረች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቀስ ብላ "ቲቸር፣ ነፍስ እኮ በአረብኛም ነፍስ ነው" አለችኝ። መሪጌታ ሰምተዋት "ሞትስ?" አሉ።
"መውት።"
"ቤትስ?"
"በይት።"
"ሰማይስ?"
"ሰማእ።"
"ታዲያ አቡኑ ምን ከበዳቸው!" አለ አንዱ ቀልደኛ፣ መሪጌታም ሳቁና "ቃሉማ ዘመድ ነው ልጄ፣ ዓረፍተ ነገሩን ማስታረቁ ነው ሥራው" አሉት። እኔ ሁለት ፔሬድ ለፍቼ ያላስገባሁትን ነገር! አልዋሽም እንባዬ መጥቷል።

ከዛ ቀን ወዲህ በግዕዝና በአረብኛ የሚገጥሙ ቃላት እየለቀሙ 61 አድርሰዋል፣ ፍሊፕቻርት ስለሌለን የካርቶን ጀርባ ላይ ጽፈው ላይብረሪው በር ላይ ለጥፈውታል። ኳስ ክበብ ዘንድሮ አዲስ ማሊያ ለብሷል፣ ይገባቸዋል፣ እኛ የምንለው ለከርሞ አንድ ባስ ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሄደን ብራናዎቹን እንድናይ። የወላጅ ኮሚቴዎች፣ ልጅቷ ካርቶኑን ይዛ ቢሮ ትመጣለች፣ እንዳትመልሷት።