ዳሎል ላይ የቀሩት የጨው ቤቶች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አፋር ውስጥ ስላለው የዳሎል ጉብታና ለማዳበሪያ ስለሚሆነው ማዕድኑ፣ ስለ ፖታሽ፣ በተወራ ቁጥር የምሰማው ስለ ቶንና ስለ ዶላር ነው። እዚያው ጉብታ ላይ ሰው ኖሮበት የተተወ መንደር እንዳለ ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ስለዚያ መንደር ነው።

የሄደ ሰው ያውቀዋል። ሁሉም ቢጫና አረንጓዴው ፍል ውሃ ጋ ፎቶ ለመነሳት ይጣደፋል፤ ፍርስራሹን ዞር ብሎ አያየውም። ግድግዳዎቹ ከጨው ብሎኬት የተሠሩ ናቸው። እጄን ደገፍ አድርጌ ሳነሳ መዳፌ ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ። ጣሪያ የለም። ዙሪያው ዝገት የበላው በርሜልና የመኪና አካል ነው። አገሩ ዝናብ ብርቁ ባይሆን ኖሮ ቤቶቹ ድሮ ሟሙተው ባለቁ ነበር።

ጣሊያኖች ፖታሹን ለማውጣት ኤርትራ ካለው የመርሳ ፋጥማ ወደብ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ተጠናቀቀ፤ ዳሎል ለመድረስ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ያበቃ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመንና ከሌሎች አገሮች ፖታሽ እንደልብ ሲገኝ ሥራው ቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ ቆፈረ። እሱም ጥሎ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 እዚያ የተመዘገበው አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ተደምሮ! በዚያ ሙቀት ብሎኬት የተሸከመው ማን ነበር?

ፖታሹን እንደገና የማልማት ዕቅድ ከተያዘ ቆይቷል። አልቃወምም። ገበሬው ማዳበሪያ ሲጠብቅ በሚውልበት አገር ፖታሽ ተቀብሮ ይቅር አልልም። የምፈራው ግሬደሩን ነው። መንገድና ካምፕ ሲሠራ እንዲህ ያለ ቦታ "ፍርስራሽ ነው" ተብሎ በአንድ ጠዋት ይጠረጋል። ስለዚህ ማሽን ከመግባቱ በፊት ቤቶቹ ይለኩ፣ ፎቶ ይነሱ፣ በዕቅዱ ካርታ ላይ ይግቡ። ቢያንስ ጥቂቶቹ ባሉበት ይጠበቁ።

እናንተም ዘጋቢ ላኩ። ዳሎል አቅራቢያ ባለችው መንደር በሐመድ ኢላ አካባቢ ጨው ፈላጮችና ግመል ነጂዎች አሉ። በፓርሰንስ ጊዜ ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ 80 ዓመት ተጠግቷል። ኢንጂነሮቹን ከማነጋገራችሁ በፊት እሱን ፈልጉልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ