«ባለድርሻ ማን ነው?» — የሥነ ጽሑፍና ሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መስከረም ላይ 24 ነበርን፣ ሰኔ ላይ 19 ቀረን። ግጥም ብቻ የምንጽፍ መስሏቸው የመጡ ልጆች ማስታወቂያና ማመልከቻ ሲበዛባቸው ወደ ድራማ ክበብ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

ኅዳር ላይ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ እንድንጽፍ ተሰጠን። ልጆቹ ዜና እየሰሙ ያደጉ ናቸውና እንዲህ ብለው አመጡ፦ «የተማሪዎችን የማርፈድ ችግር ከመቅረፍ አንጻር ከባለድርሻ አካላት ጋር የጋራ ግንዛቤ መፍጠር ይቻል ዘንድ…» እውነቱን ለመናገር እኔም አንብቤ አሳለፍኩት። አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን አስነበቡና «ባለድርሻ? አክሲዮን ገዝተናል እንዴ?» አሉ። በዕለቱ ከወላጅ ይልቅ ወንበር በዛ።

ደግመን ጻፍነው። «ልጅዎ ጠዋት ለምን እንደሚያረፍድ እንነጋገር። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ከአንድ ሰዓት በላይ አናቆይዎትም።» ከመለጠፋችን በፊት ለጥበቃው ለጋሼ አነበብንላቸው። «ቦታውስ?» አሉ። ረስተነው ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ለወላጅ የሚሄድ ወረቀት ሁሉ በጋሼ በኩል ያልፋል።

የካቲት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመን። በግቢው ካሉት 8 ቧንቧዎች 6ቱ ደርቀው ነበር። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪያችን ለሚመለከተው ቢሮ «ኧረ በናታችሁ፣ ትንንሾቹ ውሃ ጠማን እያሉ ነው» ብላ ጻፈች። አንጀት ይበላል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን «ቀን የለው፣ ቁጥር የለው፣ ጉዳይ የለው» ብላ መለሰችው።

ልጅቷ ተናደደች። «ውሃ የለም ማለት ጉዳይ አይደለም?»

ነው እንጂ። ግን መዝገብ ቤት የሚቀመጥ ሰው በቀን ስንት ደብዳቤ ወደየክፍሉ ይመራል! መጀመሪያ የሚያየው ያቺን ከላይ የተሰመረባትን መስመር ነው። «ጉዳዩ፦ የቧንቧ ጥገና ስለመጠየቅ» አልን። ስንት ቧንቧ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንዲደረግልን እንደምንፈልግ ተከተለ። ግርጌው ላይ ፊርማና ማኅተም። «ትንንሾቹ» የሚለውን ላወጣው ስል ልጅቷ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ተከራክረን «ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት» በሚለው ታረቅን። 3ቱ ቧንቧዎች ተጠግነዋል፤ የቀሩትን እየጠበቅን ነው።

የሚኒ ሚዲያው ነገር ሌላ ነው፤ እዚያ አንባቢ የለም፣ ሰሚ ብቻ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንዷ አቅራቢ የገና በዓል ዝግጅትን ስታነብ «ገና»ን አላላችው። ሰልፉ በሙሉ «ገና ነው! ገና ነው!» እያለ ሳቀ። አሁን ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ እናደርጋለን። ዓረፍተ ነገሩም በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ይቆረጣል።

ለሚቀጥለው ዓመት የምዝገባ ቅጽ አዘጋጅተናል። እንደ ልማዳችን ለጋሼ አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «ይኼ ደግሞ ለማን ነው የተጻፈው?» አሉ። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።