አባዬ ስንት ኪሎሜትር ነው ላልከኝ

አባዬ እንደምን ከረምክ፣ ጉልበትህስ? ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራ ስላለን ነው ምጽፍልህ፣ ትንሿ ታንብብልህ።

ከአዲሳባ እኔ ያለሁበት ዋሽንግተን በአየር ወደ 11,500 ኪሎሜትር ነው ስልህ ዝም አልክ፣ እኔ ደሞ ደንግጦ ነው ብዬ ነበር፣ ለካ በጅቡቲ መንገድ እያካፈልከው ነው። እኔም አካፈልኩት። አዲሳባ ጅቡቲን 900 ካልነው ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ ትሄድና ሰባተኛውን ጀምረህ ሚሌን አልፈህ ነው ሚያልቀው። በኤንትሬ ጭነት መኪናህ ቢሆን አስበው፣ ሦስት ቀን ብለኸን ሄደህ በአስረኛው ቀን ቴምር ይዘህ ከች ትል የነበርከው ሰውዬ!

አሁን ወደ ጭቅጭቃችን። ስትመጣ 17 ሰዓት ገደማ፣ ስትመለስ 13፣ ቲኬቱን አይተህ "ተጭበርብረሻል" አልከኝ አይደል? አልተጭበረበርኩም። ጭነት የያዘ መኪና ደጋ ላይ አየር ያጥረዋል ምትለው አንተው አይደለህ እንዴ፣ ቦሌ ደሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ እስከዚህ ሚያደርስ ነዳጅ ጨምሮበት መነሳት ይከብደዋል፣ ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል። ቦታው ይቀያየራል፣ ለብዙ ጊዜ ደብሊን ነበር። የዋሽንግተኑ ኤርፖርት ዳለስ ግን ከባህር 100 ሜትር እንኳን ከፍ ስለማይል ሲመለስ ታንከሩን ጢም አድርጎ በአንዴ አዲሳባ ነው። ንፋሱም አለ፣ ላይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ ነው ሚነፍሰው፣ ስትመጣ ፊት ለፊትህ ስትመለስ ከኋላህ።

እና አደራ፣ ነዳጅ ሲቀዳ እንዳትወርድ!! እማዬ ያኔ ስትመጣ ጎማው መሬት ሲነካ ደረስኩ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ የበርበሬውን ቦርሳ አቅፋ በሩ ድረስ ሄዳ ሆስተሷ ናት እጇን ይዛ የመለሰቻት፣ "ልጄ ውጪ እየጠበቀችኝ ነው" እያለች። እስካሁን ስንስቅባት ትቆጣለች።

ሰዓቱ ደሞ እንዳያደናግርህ፣ አሁን እዚህ አሜሪካ በጋ (ሰመር) ስለሆነ 7 ሰዓት ነው ልዩነታችን። ማታ 4 ሰዓት ብትነሳ እዚህ በነጋታው ጠዋት 2 ሰዓት ነው ምትደርሰው፣ የእጅህ ሰዓት ግን ከቀኑ 9 ይልሃል። የግፊት ኪኒንህ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስህ ውስጥ ይሁን፣ በስንት ሰዓት እንደምትውጠው ሐኪሙን ሳትጠይቅ እንዳትነሳ።

መስኮት ጋ ነው ምፈልገው ብለህ ነበር፣ ኮሪደር በኩል ነው የያዝኩልህ። እግርህን መዘርጋት፣ ሽንት ቤት መሄድ አለ፣ በየሰዓቱ ደሞ ትንሽ ተነስተህ ተራመድ። መንገዱን ሳላይ አልሄድም እንዳትለኝ፣ ሌሊት ነው አባዬ፣ ምንም አይታይም፣ ሹፌሩም አንተ አይደለህም።